የሲስተር ወይንሸትን በር የያዘው ድንጋይ

ሐጂ ሸምሱ ከሱቁ ተነስቶ በእግሩ ጭድ ተራ ድረስ ከመጣ ወሬው ክፉ ነው። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ደግ ወሬ ሲሆን ሰው ይልካል፣ ወይ ስልክ ይደውላል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ከዘራውን ተመርኩዞ በጋሪዎቹ መሀል እየተሽሎከለከ ሲመጣ ሳየው፣ የምሰፋውን ፍራሽ ትቼ ተነሳሁ። መርፌው ከነክሩ ጭዱ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ።

«ተሰማ፣ ተቀመጥ» አለኝ።

«ቆሜ ልስማው።»

«ተቀመጥ እንጂ፣ እኔም ልቀመጥ።»

ጭዱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። «ሲስተር ወይንሸት አረፈች» አለኝ። «እህቷ ዛሬ ጠዋት ልትቀሰቅሳት ገብታ ነው ያገኘቻት።»

ሐጂ ለምን ራሱ እንደመጣ ገብቶኛል። ይህንን ወሬ ለእኔ መንገር የሚገባው እሱ ነበር፤ በእሷ ላይ የሆነውን ነገር የጀመርነው አብረን ነውና። ክፋት አስበን አይደለም። ክፋት አስበን ቢሆንማ ንስሐ ገብቼ ይቀለኝ ነበር ይሆናል።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም አዲስ አበባ ገባሁና የጭድ ፍራሽ ስሰፋ አረጀሁ። አጻጻፌ ቢንዛዛ ይቅር በሉኝ። እሷን ግን ሳልጽፋት ብሞት ደስ አይለኝም።

ሲስተር ወይንሸት ነርስ ነበረች። በመንግሥት ሆስፒታል ብዙ ዓመት ሠርታ፣ ደርግ ወድቆ የግል ክሊኒክ መክፈት ሲፈቀድ፣ ከጭድ ተራ ወደ ጎጃም በረንዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ዝቅተኛ ክሊኒክ ከፈተች። ዝቅተኛ የሚሉት በነርስ የሚሠራውን ነው። የፊተኛው ክፍል ክሊኒክ፣ የኋለኛው መኖሪያዋ። አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ አልወለደችም፤ ያለቻት አንዲት ታናሽ እህት ናት። ግድግዳው ላይ፣ ሰው ገና ሲገባ በሚያየው ቦታ፣ የሙያ ፈቃዷ በመስታወት ሆኖ ተሰቅሏል። ስታሳድሰው መስታወቱን አውርዳ ራሷ ትወለውለዋለች።

«ሰው የሠርግ ፎቶውን ይሰቅላል፣ አንቺ ወረቀት» አልኳት አንድ ቀን።

«ሠርጌ አልበረከተም ጋሼ፤ የበረከተልኝ ይሄኛው ነው» አለችኝ።

የክሊኒኩ በር ጣጣኛ ነበር። የቆርቆሮ በር ነው፤ መሬቱ ስላዘነበለ ከፍተው ሲለቁት ተመልሶ ድው ይላል፤ በሽተኛው ሁሉ ይደነግጣል። ሲስተር ወንበር ታስደግፍበት ነበር። ሰው ሲበዛ ግን ወንበሩ ይወሰዳል፣ በሩ እንደገና ድው! «ይሄን በር የሚያድን መድኃኒት አልተማርኩም» ትል ነበር።

የተዋወቅነው በመርፌ ነው። የፍራሽ መስፊያ መርፌ ስንዝር ያህላል። መዳፌን ወግቶኝ፣ ቀላል መስሎኝ ስተወው እጄ እንደ ዳቦ ኩፍ አለ።

«ምን ወጋዎት?» አለችኝ።

«መርፌ።»

«እስቲ ካለ ያሳዩኝ።»

ከኮቴ ኪስ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና፣ «ጋሼ፣ እኔ በዚህ ብወጋ እኮ መርካቶ ውስጥ በሽተኛ አይገኝም ነበር፤ ሁሉም ድኛለሁ ብሎ ይሮጣል» አለች። እኔ ስስቅ ለካ እሷ ወግታ ጨርሳለች።

እጇ እንደዚያ ቀላል ነበር። ሥራዋ ግን ዝግተኛ ነው። ፔኒሲሊን የታዘዘለት ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ክንዱ ላይ ከቆዳው ሥር ጠብታ ታህል ትወጋና የእጅ ሰዓቷን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ትጠብቃለች። ቆዳው ካልቀላ፣ ካላበጠ፣ ያኔ ዋናውን ትወጋለች። የተሞከረበትን ሰዓትና የተወጋበትን ሰዓት መዝገቧ ላይ ታሰፍራለች። የመርካቶን ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ።

«ሲስተር፣ መኪና እያራገፍኩ ነው የመጣሁት፤ ዝም ብለሽ ውጊኝ!»

«ቸኩሎ የዳነ ሰው አላየሁም። ቁጭ በል።»

ይህቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት! ኩሊውም፣ ነጋዴውም፣ ሐጂ ሸምሱም ሳይቀር ተብሏል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእጄን ቁስል ላስጠርግ ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ደሳለኝ የሚባል ጎጃም በረንዳ እህል የሚሸከም ወጣት አለ። ጉሮሮው አብጦ ጤና ጣቢያ ሄዶ ፔኒሲሊን ታዞለታል። ሲስተር ክንዱ ላይ ሞከረችለት፤ ሰዓቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሲስተር፣ ስንት ቀረኝ?»

«ዐሥር ደቂቃ።»

«በዐሥር ደቂቃ እኮ ግማሽ መኪና አራግፍ ነበር።»

«ደርሰህ ታራግፋለህ። እህሉ አይሸሽህም።»

ሳቀ። ጥርሱ ነጭ ነበር። ሰዓቱ ሲሞላ ክንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው፤ «ጋሼ ተሰማ፣ እርስዎም ይዩት፣ ንጹሕ ነው» ብላ ለእኔም አሳየችኝ። ንጹሕ ነበር። ወጋችው። ሱሪውን እያስተካከለ፣ «ደረቴን አፈነኝ» አለ። ሁለተኛ ቃል አልተናገረም። ወደቀ።

የሚያስነሳ መድኃኒት አላት፤ ወጋችው። ደረቱን ተጫነችው። እኔ ሮጬ ታክሲ አስቆምኩ፤ አራት ሆነን ተሸክመን አስገባነው። ጭንቅላቱን ታፋዋ ላይ አድርጋ እስከ ሆስፒታል በስሙ ትጠራው ነበር፤ «ደሳለኝ፣ ደሳለኝ፣ ስማኝ»። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ መጥራቷን አቆመች። ያኔ አወቅኩ።

ፖሊስ ያን ዕለት ወሰዳት። በዋስ ወጣች። ክሱ በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚል ነው። በሳምንቱ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው ክሊኒኩን አሸጉ፤ ፈቃዷንም ከመስታወቱ ውስጥ አውጥተው ወሰዱ። ባዶው መስታወት ግድግዳው ላይ ቀረ።

«እንዴ፣ ሳይፈረድብሽ?» አልኳት።

«ክስ ካለ ያግዳሉ ጋሼ። ነፃ ስወጣ ይመልሱልኛል።»

በዚህ መሀል የደሳለኝ ታላቅ ወንድም አያሌው ከጎጃም መጣ። ማንንም አልተሳደበም፣ አልጮኸም። ወንድሙ ይሸከምበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ ሴትየዋ በየት በኩል እንደምትወጣና እንደምትገባ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ይህ ከጩኸት ይብሳል። ሐጂ ሸምሱ ጠራኝና፣ «ተሰማ፣ ይሄ ልጅ ደም ሊመልስ ነው የመጣው፤ ዛሬ ነገ ሳንል እናስታርቃቸው» አለኝ። የሰፈር ሽማግሌዎች ነን፤ ስንት የደም ነገር አብርደናል። ክሱ የመንግሥት ስለሆነ በእርቅ አይቀርም፤ እኛ የፈለግነው ሕይወቷን ማትረፍ ነው።

ወግ አለው። አጥፊ የተባለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በሟች ወገን ፊት ይንበረከካል፣ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ይላል። የሟች ወገን ድንጋዩን ካወረደለት ደም ደረቀ ማለት ነው። ይህንን ልነግራት ሄድኩ።

«ጋሼ ተሰማ፣ ክንዱን አላዩም?» አለችኝ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ ልበል?»

«ልጄ፣ የሽምግልና ቃል እኮ ለእርቅ ነው። ለሰላም ብሎ የተነገረን ቃል ማን ይቆጥረዋል?»

«ቃል ቃል ነው ጋሼ። እኔ አንድ ደቂቃ እንኳ ዋሽቼ መዝገብ ላይ አልጻፍኩም።»

«አያሌው እናቱ ቤት ለቅሶ ትቶ ነው የመጣ። ልቡ እንዲበርድ ነው። ለእሱ በይለት።»

መሬቱን እያየች፣ «ለእናቱ እላለሁ» አለች።

የሐጂ መጋዘን ውስጥ ተሰበሰብን። ድንጋዩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጭዴ ላይ ሸራ የሚይዝልኝ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሲስተር ወይንሸት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ድንጋዩን በአንገቷ ይዛ ተንበረከከች። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለች። አያሌው ዐይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ ቆመ፤ ከዚያ ድንጋዩን ከአንገቷ አንስቶ መሬት ጣለውና እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። ሽማግሌ ሆኜ ከዚያ ያማረ እርቅ አላየሁም ብዬ ለባለቤቴ ተናግሬ ነበር።

የእርቁን ወረቀት የጻፈው ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። ሲስተር ልትፈርም ስትል አንድ መስመር ላይ ጣቷን አቆመች።

«ይሄ ‹ባደረስኩት ጥፋት› የሚለው ባይኖር?»

«እሱ ከሌለ ምኑን ታረቅሽ?» አላት ሐጂ። ወደ እኔ አየች። ፈርሚ አልኳት። ፈረመች። እኔም ከሥሯ ፈረምኩ። ወረቀቱ ሐጂ ሣጥን ውስጥ ገባ።

ፍርድ ቤቱ ሁለት ዓመት በቀጠሮ አመላለሳት። እኔም ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። «ሰዓቱን አይቻለሁ፤ ክንዱንም አይቻለሁ» አልኩ። መዝገቧ ታየ፤ ከሆስፒታል የመጣ ሐኪምም እንዲህ ያለው ነገር ተሞክሮም ተጠንቅቆም አንዳንዴ እንደሚመጣ ተናገረ። ዳኛው በነፃ አሰናበታት። ደረጃው ላይ እህቷ እልል ስትል፣ «ተይ፣ ሰው የሞተበት ነገር ነው» ብላ አፏን ያዘችባት።

በማግሥቱ ፈቃዷን ልትቀበል ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ነጭ ጋዎኗን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በፌስታል ይዛዋለች። ለምን እንደያዘችው አልጠየቅኋትም።

የመሥሪያ ቤቱ ሹም የፍርዱን ወረቀት አነበበ። «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። «ፈቃዱን ግን ዛሬ አንመልስም። ፍርድ ቤት ያየው ወንጀሉን ነው፤ የሙያውን ጥፋት የሚያየው የእኛ ኮሚቴ ነው።»

«ኮሚቴው ምን ያያል?» አለችው።

«ያለውን ማስረጃ ሁሉ ያያል። የሟች ቤተሰብ ቅሬታ ካለውም ይጠየቃል።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ቅሬታ? ምን ቅሬታ አለው! ታርቀን የለም ወይ? ወረቀቱ አለን አይደለም ወይ? በማግሥቱ ለእሷ ሳልነግራት ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ሐጂም «እውነትህን ነው! እንዴት ረሳነው?» ብሎ ሣጥኑን ከፈተ። ወረቀቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ እንዳይጨማደድ ደረቴ ላይ ይዤ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ወሰድኩት። ጸሐፊዋ ተቀብላ ማኅተም አደረገችበት። «ይሄ ይጠቅማታል አይደል ልጄ?» አልኳት። «ፋይሏ ውስጥ ይገባል አባባ» አለችኝ። ያን ቀን ወደ ጭድ ተራ ስመለስ ጉልበቴ የወጣት ሆኖ ነበር።

ከወር በኋላ ሲስተር አስጠራችኝ። ደብዳቤ መጥቷል፤ የክሊኒኩም እሽግ ተነስቷል። ቆማ አነበበችልኝ። ሁሉንም አላስታውስም፤ አንዷን መስመር ግን እስክሞት አልረሳትም፦ «ጥፋት ማድረሳቸውን ራሳቸው በፊርማቸው ያረጋገጡ በመሆኑ የሙያ ፈቃዳቸው ተሰርዟል።»

«ይሄ ወረቀት እንዴት እነሱ ዘንድ ደረሰ?» አለች፤ ለራሷ ነው የምትናገር የሚመስለው።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አልኳት።

አየችኝ። በሩ ድው አለ። ደብዳቤውን በአራት አጠፈችው፤ ዘረጋችው፤ እንደገና አጠፈችው።

«ምሳ በልተዋል ጋሼ?» አለችኝ።

ከሐጂና ከአያሌው ጋር ሆነን መሥሪያ ቤቱ ሄድን። አያሌው፣ «ወንድሜ ነው የሞተው፤ እኔ ከተውኩት እናንተ ምን ቤት ናችሁ?» ብሎ ጮኸ። ሐጂ፣ ይህ የእርቅ ወግ እንጂ ጥፋትን ማመን አይደለም ብሎ አስረዳ። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠን። «አባቶቼ» አለን፣ «እኔ ወግ ማኅደር ውስጥ አላስገባም። ያለኝ ፊርማ ነው። ያመጣችሁልኝም እናንተ ናችሁ።» ይግባኝ አለች፤ ይግባኙም ያንኑ መስመር እየጠቀሰ ተመለሰ።

ክሊኒኩ የነበረው ክፍል የክር፣ የቁልፍና የዚፕ ሱቅ ሆነ። መርፌ ግን አትሸጥም። «ክር ያለ መርፌ ምን ይሆናል ሲስተር?» ይሏታል ልብስ ሰፊዎቹ። «መርፌ ከጎረቤት ጠይቁ» ትላለች። ባዶው መስታወት ከባንኮኒው በላይ እንደተሰቀለ ነው።

ሰው ግን መምጣቱን አልተወም። አያሌው ወንድሙ ቦታ ላይ ሸክም ጀምሮ፣ ሚስቱንና ልጁን አምጥቶ እዚሁ ቀርቶ ነበር። አንድ ቀን ትንሿን ልጁን አቅፎ፣ መድኃኒቱን በወረቀት ይዞ መጣ። እኔ ክር ልገዛ ቆሜያለሁ።

«ሲስተር፣ ውጊልኝ።»

«አልችልም አያሌው።»

«ማን ያያል? በሩን ልዝጋው።»

«እኔ አያለሁ።»

«ከአንቺ በቀር ማንም እንዲነካት አልፈልግም!»

እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ሱቁን ለእህቷ ትታ፣ ሕፃኗን ከእጁ ተቀብላ አቀፈቻትና ጤና ጣቢያ ድረስ በእግሯ ወሰደቻት። ሰልፍ ይዛ ቆመች። ወጊዋ ነርስ ገና ልጅ ናት አሉ፤ «እህቴ፣ ሞክረሽላታል? ሰዓት ያዢ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ይኸው ሆነ። የሚመጣውን በሽተኛ ሁሉ እጁን ይዛ ትወስደዋለች፤ ሰልፍ ትይዝለታለች፤ ስሙን ታስመዘግብለታለች። በሩ ላይ ስትደርስ እሷ ውጭ ትቀራለች። እስክትሞት አንድ ሰው አልወጋችም።

እኔ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ያንን ጥቁር ድንጋይ ከሸራዬ ላይ አነሳሁና በአንገቴ ተሸከምኩት። ከጭድ ተራ እስከ እሷ በር ሩቅ አይደለም፣ ለእኔ ግን ሩቅ ነበር። ጋሪ ገፊዎቹ ሳይቀልዱብኝ አላሳለፉኝም።

«ጋሼ ተሰማ፣ ኩሊ ጠፋ እንዴ?»

«ፍራሹን በድንጋይ መሙላት ጀመርክ? ወገባችንን ልትጨርሰው ነው!»

መንገዴን ቀጠልኩ። በሯ ላይ ተንበረከክሁ። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት።

ከባንኮኒው ዘላ ወጣች። ድንጋዩን ከአንገቴ አወረደችልኝ። «ቀስ ይበሉ ጋሼ» አለችኝ፣ «ሰው ሰምቶ ወረቀት እንዳይጽፍብዎት።» ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሳቋ እንዴት ወደ ለቅሶ እንደዞረ አላውቅም፤ ብቻ ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ነበር። ከዚያ ዐይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሳች፤ ድንጋዩን በእግሯ እየገፋች ወስዳ በሩ ሥር አስጠጋችው። በሩ ቆመ።

«ይኸው፣ ለበሩ መድኃኒት ተገኘ» አለች።

ይቅር ብዬዎታለሁ ግን አላለችኝም። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ቂም የያዘች አይመስለኝም፤ በዓል በመጣ ቁጥር የምትልክልኝ ነገር አይጠፋም ነበር፤ ባለቤቴ ስትታመምም እጇን ይዛ ያመላለሰቻት እሷው ናት። ግን የማታምንበትን ቃል አንድ ጊዜ ተናግራ አይታዋለች። ቃል ቃል ነው ትል የለ? ሁለተኛ አልደግመውም ብላ ይሆናል።

ቀብሯ ላይ መርካቶ ተነቅሎ ወጣ ማለት ይቻላል። አያሌው ሬሳውን ተሸክሞ ለሌላ አላስነካም አለ። ለቅሶው ሦስት ቀን ሆነ። ድንኳኑ ከበሩ ፊት ተተክሎ፣ ሰው ሲወጣ ሲገባ ሦስቱንም ቀን በሩን ይዞ የቆመው ያ ድንጋይ ነው። እኔ አጠገቡ ነበር የተቀመጥኩት። መስታወቱን ከተቀመጥኩበት አየዋለሁ። የእሷን ፎቶግራፍ እናግባበት ቢሏት እህቷ እሺ አላለችም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ሰው ሲበተን፣ እህቷ መጣች። ዐይኗ አብጧል።

«ጋሼ ተሰማ፣ እባክዎ ያንን ድንጋይ ዞር ያድርጉልኝ፣ በሩን ልዝጋው።»

ጎንበስ አልኩ፤ በሁለት እጄ ያዝኩት። ያኔ በአንገቴ ተሸክሜው የመጣሁት ድንጋይ አልነሳ አለኝ። አያሌው ሊያግዘኝ መጣ።

«ተወኝ» አልኩት፣ «የእኔ ነው።»

እንደ ጎነበስኩ ቆየሁ። እህቷም አላጣደፈችኝም፤ በሩን ይዛ ቆመች።